ነገርን ከሥሩ፦ የወንጀልና የፍትሕ ትምህርት ምን ያስተምራል? ለማንስ ይሆናል?



ከአገር ቤት የሚመጣው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እናት ሕመምና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። በቅርቡ ደግሞ ለየት ያለ ጥያቄ ደርሶናል። «ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል። ክሪሚኖሎጂ ልማር ይላል። ይኼ ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ጠበቃ ያደርገዋል ወይስ ፖሊስ? ገንዘቤን ላውጣበት ወይስ ሌላ ይማር ልበለው?» ስትል አንዲት እህታችን ጠይቃናለች። ሌላዋ የጠየቀችው ስለ ራሷ ነው። ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ስትገባ ፍትሕን የሚመለከት ትምህርት መማር ትፈልጋለች። «እዚህ ያየሁትን ካየሁ በኋላ ሌላ ትምህርት ልቤ አይገባም» ብላለች።

ሁለቱም ጥያቄዎች ቁም ነገር ያለባቸው ናቸው። አንዱ በላብ የተገኘ ገንዘብን፣ ሌላው የአንድን ሰው የወደፊት ኑሮ ይመለከታል። ስለዚህ በዚህ እትማችን የወንጀልና የፍትሕ ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ከሕግ ትምህርት በምን እንደሚለይ፣ በአገራችንም በየት በኩል እንደሚገኝ እንመለከታለን። የውጭ አገር ነገር ስንጠቅስ የምንጠቀመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» እንላለን።

ከሕግ ትምህርት በምን ይለያል?

የሕግ ተማሪና የወንጀል ጥናት ተማሪ አንድ ጉዳይ ይዘው የተለያየ ጥያቄ ይጠይቃሉ። በምሳሌ እንየው። በአንድ ቤት ከመሳቢያ ውስጥ የወርቅ አምባር ጠፋ እንበል። ማዳም ሠራተኛዋን ጠረጠረች፤ ሹርጣ ተጠራ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

የሕግ ተማሪው «ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይ? የትኛው አንቀጽ ይመለከተዋል? ማስረጃውስ ይበቃል?» ይላል። የወንጀል ጥናት ተማሪው ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። «ዕቃ በጠፋ ቁጥር ስለምን መጀመሪያ የምትጠረጠረው ሠራተኛዋ ሆነች? በዚያ ቤት ስንት ሰው ይገባል፣ ስንት ሰው ይወጣል? እንዲህ ከሚከሰሱት ውስጥ ስንቶቹ በማስረጃ ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ? በእርግጥ የሰረቀች ብትኖርስ እዚያ ያደረሳት ምንድን ነው? ከእስር ስትወጣ ወዴት ትሄዳለች? ደግሞስ የስድስት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት ሠራተኛ አቤት ስትል ነገሯ እንደ አምባሩ ፈጥኖ የማይታየው ለምንድን ነው?»

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ክሪሚኖሎጂ ማለት በአጭሩ ይህ ነው፦ ወንጀልን ከሥሩ ማጥናት። የፍትሕ ጥናት የሚባለው ደግሞ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት እንዴት ተያይዘው እንደሚሠሩ፣ ሰው በየትኛው በር ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ይመረምራል። በብዙ አገር ሁለቱ በአንድ ዲግሪ ይሰጣሉ። በእንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት፣ በአሜሪካ አራት ዓመት ይወስዳል።

ተማሪው የሚማረው በፊልም እንደምናየው ደም እየቀዱ አሻራ እያነሡ ወንጀለኛ ማሳደድን አይደለም። ያ የፎረንሲክ ሥራ ይባላል፤ መሠረቱም ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። የክሪሚኖሎጂ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያነብ፣ የሚጽፍና ቁጥር የሚያገላብጥ ነው። የሰውን ባሕርይ፣ የኅብረተሰብን ኑሮ፣ የፖሊስንና የእስር ቤትን አሠራር፣ የተጎጂዎችን ሁኔታ፣ የምርምር ዘዴንና ስታቲስቲክስን ይማራል። ሒሳብ ፈርቶ ወደዚህ የሚመጣ ተማሪ ካለ ስታቲስቲክስ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ይወቅ።

ከሌባ ሻይ እስከ ራስ ቅል መለኪያ

ፍትሕን ማጥናት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በአብነት ትምህርት ቤት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ሊቃውንቱም በነገሥታቱ ችሎት ይጠየቁበት ነበር። በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እጁን ይሰበስብ የነበረውም ሕግ በሕዝባችን ልብ ክብር ስለነበረው ነው።

ይሁን እንጂ ያስቸግር የነበረ ነገርም ነበረ። እርሱም እውነተኛውን አጥፊ ማግኘት ነው። ቀድሞ ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ሲስት በወገቡ ታስሮ በመንደሩ ይነዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ንጹሕ ሰው ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ ዕዳ ከፍሎ ይሆን! ሥርዓቱ በኋላ ተከልክሏል። ያለ ማስረጃ ጣት መቀሰር ግን ከሌባ ሻይ ጋር አብሮ አልቀረም፤ ይህን ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ።

አውሮፓም የራሷ ታሪክ አላት። በ1764 ቼዛሬ ቤካሪያ የተባለ የሚላን ወጣት ስለ ወንጀልና ቅጣት አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ዘመን ተከሳሽን እያሰቃዩ ማናዘዝ በብዙ አገር የተለመደ ነበር። ቤካሪያ ግን ስቃይ እውነትን አያወጣም፤ ጉልበት ያለው በደለኛ ችሎ ያመልጣል፣ ደካማው ንጹሕ ግን ያልሠራውን ሠራሁ ይላል ሲል ተከራከረ። ሰውን ከወንጀል የሚመልሰውም የቅጣት መክበድ ሳይሆን ጥፋት እንደማይታለፍ ማወቁ ነው አለ። ዛሬም ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ከሚያነቧቸው አንዱ እርሱ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1876 ሌላው ጣልያናዊ ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፤ በራስ ቅሉ፣ በመንጋጋውና በጆሮው ይታወቃል የሚል መጽሐፍ አወጣ። ብዙ ሰውም አመነው። በ1913 ግን ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ የእንግሊዝ እስር ቤት ሐኪም ሦስት ሺህ የሚሆኑ እስረኞችን መርምሮ፣ ከተማሪዎችና ከወታደሮችም ጋር አስተያይቶ፣ ሎምብሮሶ ያለው ዓይነት የወንጀለኛ መልክ እንደሌለ አሳየ። በመልኩ፣ በቆዳው ቀለም ወይም በመጣበት አገር ተጠርጥሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ታሪክ አይደለም። ሳይንስ ነኝ ብሎ የመጣ ጭፍን ፍርድ በቆጠራና በማስረጃ እንደሚፈርስ ያስተምራል።

ያልተቆጠረው ወንጀል

በዚህ ትምህርት ውስጥ ለእኛ ሰዎች እጅግ የሚቀርበው ክፍል ያልተቆጠረውን ወንጀል የሚመለከተው ነው። ፖሊስ ጣቢያ የተመዘገበው ሁሉ ይቆጠራል። ያልተመዘገበውስ? አጥኚዎቹ «የጨለማው ቁጥር» ይሉታል። በተለይ በቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ የሚፈጸም በደል አብዛኛው ወደዚህ ጨለማ ይገባል። የተበደለችው ቋንቋ አታውቅም፤ ስልኳ ተወስዷል፤ ፓስፖርቷ በማዳም ሣጥን ነው፤ መክተብም «ታገሺ» ይላታል። እንዲህ ያለች ሴት በየትኛው መዝገብ ላይ ትገኛለች? ለዚህም ነው የክሪሚኖሎጂ ተማሪ መዝገብ አይቶ ብቻ «እዚህ አገር ወንጀል የለም» እንዳይል የሚማረው። ቤት ለቤት እየሄዱ ሰዎችን «ምን ደረሰባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ራሱን የቻለ የጥናት ዘዴ ነው።

ሌላም አለ። በ1939 ኤድዊን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ወንጀል የድሆች ብቻ እንዳልሆነ፣ ክራቫት አስረው ቢሮ የሚቀመጡ የተከበሩ ሰዎችም በሥራቸው ላይ ወንጀል እንደሚሠሩ ለባልደረቦቹ ተናገረ። «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚለው ስም የመጣው ከእርሱ ነው። በ1949 መጽሐፉ ሲታተም የኩባንያዎቹ ስም ወጥቶ ነበር፤ ከነስማቸው የታተመው ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ በ1983 ነው። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ አምባር የወሰደ ሌባ ከተባለ፣ የሁለት ዓመት ደመወዝ የያዘ ምን ይባላል?

መልሱ በየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ሕግ ደግሞ ይለወጣል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጪ አድርጓል። ዮርዳኖስ በ2008 ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኛን አስገባች። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017 ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ አወጡ፤ ሳምንታዊ ዕረፍትም በነዚህ ሕጎች ተጻፈ። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች 189ኛውን ስምምነት አጽድቋል። የተጻፈው ሁሉ በቤት ውስጥ ይፈጸማል ማለት አይደለም። በወረቀት ላይ ያለው ሕግና በማእድ ቤት ያለው ኑሮ ምን ያህል ይራራቃሉ ብሎ መለካት ግን የዚህ ትምህርት አንዱ ሥራ ነው።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካው አዲሱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት፣ የሴት ልጅ ግርዛት በግልጽ ወንጀል ተብሎ ተደነገገ። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቷል። ትናንት ልማድ ወይም ንግድ ይባል የነበረ ነገር ዛሬ ወንጀል ሆኗል። እንዲህ ያለው ለውጥ የሚመጣው አንድ ሰው ተነሥቶ ስላጠናውና ስለ ጮኸበት ነው።

ቅጣት ወይስ ዕርቅ?

ከወንጀል በኋላ ምን ይደረግ የሚለውም ትልቅ የትምህርት ክፍል ነው። በ1974 በካናዳ ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። ጉዳዩን የያዘ አንድ ሠራተኛ ለዳኛው ሐሳብ አቀረበ፤ ልጆቹም በየተጎጂው በር እየሄዱ ጥፋታቸውን አምነው ጉዳቱን እንዲክሱ ተደረገ። ይህ ጉዳይ በዘመናዊው የፍትሕ ትምህርት በብዙ ቦታ እንደ መነሻ ይጠቀሳል።

እኛ ይህን ስንሰማ ሽምግልና ትዝ ይለናል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጥፋት ታምኖ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ ደም እንዲደርቅ ማድረግ ከጥንት የነበረን ነው። የውጭ ተማሪ ከመጽሐፍ የሚያነበውን የእኛ ልጅ ከአያቱ ደጃፍ ያውቀዋል። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተደፈረችን ልጅ «ለቤተሰብ ክብር ሲባል» በሽምግልና ስም ዝም ማሰኘት ዕርቅ አይደለም። ዕርቅ የሚባለው ተጎጂዋ በነፃነት ስትፈቅድና እውነቱ ሲነገር ነው። መልካሙን ልማድ ከመጥፎው መለየት የሚችሉ የተማሩ ልጆች ለአገራችን ያስፈልጓታል።

በአገራችን በየት በኩል ይገባል?

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንምጣ። ክሪሚኖሎጂ የተማረ ሰው ጠበቃ አይሆንም። በኢትዮጵያ ጥብቅና ለመቆም የሕግ ዲግሪና የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልጋል። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሆን የሚፈልግ ልጅም መንገዱ የሕግ ትምህርት ቤት ነው። የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በ1963 በአዲስ አበባ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

ወንጀልን ከሥሩ ማጥናት የሚፈልግ ልጅ ደግሞ በሶሲዮሎጂ በኩል ሊገባ ይችላል፤ ክሪሚኖሎጂ በዚያ ውስጥ እንደ አንድ ኮርስ ይሰጣል። ሶሻል ወርክ፣ ማለትም የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ፣ ሌላው በር ነው። ፖሊስ መሆን የሚፈልግ ሰንዳፋ የሚገኘውን የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ይጠይቅ። እነዚህን የተማረ ሰው በማረሚያ ቤት አስተዳደር፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮዎች፣ ከስደት ተመላሾችን በሚያቋቁሙ ድርጅቶችና በምርምር ሥራ ሊሰማራ ይችላል። ቶሎ ሀብታም የሚያደርግ ሙያ ግን አይደለም፤ ይህን ቤተሰቡ ከወዲሁ ማወቅ አለበት።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

«ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን፣ ልጁን እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት።

1. የሚፈልገው ሥራ ምንድን ነው? «ክሪሚኖሎጂ» ብሎ ጠበቃነትን የሚያልም ከሆነ መንገድ ስቷል፤ ገና በጠዋቱ ወደ ሕግ ይመለስ።

2. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ስንት ነው? በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያላለፈ ልጅ «ኮሌጅ ተቀብሎኛል» ካለ በምን መሠረት እንደ ተቀበለው ጠይቁ።

3. ኮሌጁ ለዚያ የትምህርት ዓይነት ዕውቅና አለው? አንድ ኮሌጅ ለሒሳብ አያያዝ ዕውቅና ስላለው ለሌላውም አለው ማለት አይደለም። ይህ የሚጣራው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በማስታወቂያና በሚያምር ሕንፃ አትታለሉ። የምዝገባ ደረሰኙንም በፎቶ ይላክላችሁ።

4. ለመውጫ ፈተናው እየተዘጋጀ ነው? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ዓመታት የተከፈለበት ትምህርት በመጨረሻው ቀን እንዳይቀር፣ በየመንፈቁ ውጤቱን እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ይህን መጠየቅ አለማመን አይደለም። ገንዘቡ የእናንተ ጉልበት ነውና ልትጠይቁ ይገባል።

ለራሳችሁ ከሆነ

«እኔስ? ዕድሜዬ አልፏል» የምትል እህት ካለች ይህን ታስብ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወደ አገራችን መጥቶ በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ፤ በዚያው ዓመት አገሩ ተመልሶ ታሰረ። በእስር ሳለ ሕግ በተልእኮ ተማረ፤ ዲግሪውን ያገኘው በ1989 ገና እስረኛ ሳለ፣ ሰባ ዓመት ሞልቶት ነበር።

ከአሥረኛ ወይም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያቋረጣችሁ፣ የትምህርት ማስረጃችሁ የት እንዳለ ዛሬ ለቤተሰብ ደውሉና አጣሩ። ስትመለሱ የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ ነውና። እንግሊዝኛችሁን አታስረሱ፤ ማታ ማታ አንድ ገጽ ማንበብ በዓመት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ገጽ ነው። የምታውቁትንም አትናቁ። ዐረብኛ ትናገራላችሁ፤ በሰው ቤት ውስጥ የሚሆነውን አይታችኋል፤ ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ከስደት የተመለሰችን እህት አነጋግሮ እውነቱን ለማውጣት ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ በማይገኝ መንገድ ይጠቅማል።

ዛሬውኑ የምንይዘው

ዲግሪ ባንማርም ከዚህ ትምህርት ዛሬ የምንወስደው አለ። ክስ ማለት ጥፋት ማለት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ይህ የአገራችን ሕግ ነው፤ ባላችሁበት አገር ያለው ሊለይ ይችላል። በሰው አገር ለተያዘ ሰው ደግሞ ብዙ መንግሥታት የተቀበሉት የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አለ። በአንቀጽ 36 የተያዘ የውጭ ዜጋ ከፈለገ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መብት ይሰጣል።

ስለዚህ እንደዚያ ያለ ቀን ቢመጣ ሦስት ነገር አትርሱ፦ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያላነበባችሁትንና ያልተተረጎመላችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ «ለቆንስላዬ ንገሩልኝ» በሉ። ይህቺን ዐረፍተ ነገር በዐረብኛ አጥኑና ለጎረቤት እህታችሁም አስተምሯት። የኮንትራታችሁን፣ የፓስፖርታችሁንና የኢቃማችሁን ፎቶ አገር ቤት ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ።

በትምህርት ጉዳይ ጥያቄ ያላችሁ፣ የልጁን የክፍል ውጤትና የኮሌጁን ስም ጽፋችሁ ብትልኩልን ወይም ከጸሎት በኋላ ብታነጋግሩን የምንችለውን አብረን እናጣራለን። እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።